ሪፍ የሚሠሩ ኮራሎች እንዴት ይራባሉ? የልቀቱ ሌሊት፣ የፅንሰቱ አሠራርና የእጭ አያያዝ

ጅሬን_ባዮ፦

ሰላም ናችሁ ወገኖች። ጅማ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ኮራል ላይ ስንደርስ «በፆታዊም በኢፆታዊም መንገድ ይራባሉ» ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ ልጆቹ ግን በዚህ አይለቁም። ባለበት የተተከለ እንስሳ፣ ወንዱ ሴቷን በምን ያገኛታል? ያ ሁሉ ኮሎኒ (ተያይዘው የሚኖሩ የጥቃቅን ኮራሎች ስብስብ) በአንድ ሌሊት፣ ያውም በተቀራረበ ሰዓት እንቁላል የሚለቀው ማን አዞት ነው? ከዚያ በኋላስ እንቁላሉ ምን ይሆናል?

ጠቅላላውን ሐሳብ አውቀዋለሁ። የቸገረኝ ዝርዝሩ ነው፦ ሰው በእጁ ሲያራባቸው ስንት ኮሎኒ፣ ምን ያህል ውሃ፣ ስንት ሰዓት፣ የቱ ላይ ይበላሻል? ደግሞም ከባሕር እንዲህ ርቀን ክፍል ውስጥ በዓይን የሚታይ ነገር ማዘጋጀት ይቻል እንደሆነ ጠቁሙኝ። የባዮሎጂ ክበባችን ያለው አንድ ማይክሮስኮፕና ጥቂት የመስታወት ዕቃ ነው።

ቀይባሕር_ዳር፦

መምህር፣ «ወንዱ ሴቷን» ከሚለው እንጀምር፤ ለአብዛኞቹ ሪፍ (በአጽማቸው የሚገነባ የባሕር ውስጥ ድንጋያማ ክምር) ሠሪ ኮራሎች ጥያቄው ራሱ ቦታ የለውም። ፍናፍንት ናቸው፤ አንዱ ፖሊፕ (በኮሎኒው ውስጥ ያለ ነጠላ እንስሳ) እንቁላልም ስፐርምም ያመርታል። ቅርንጫፋሙ አክሮፖራ፣ ሞንቲፖራ፣ ጎኒያስትሪያ እዚህ ይገባሉ። ፆታቸው የተለየም አሉ፤ ትልልቆቹ ድብልብል ፖራይተሶች ኮሎኒው በሙሉ ወይ ወንድ ነው ወይ ሴት። በፈንጊያ ወገን ደግሞ ከወንድ ወደ ሴት፣ ከሴትም ወደ ወንድ የሚቀያየሩ ዝርያዎች ተመዝግበዋል።

ከዚህ የሚበልጠው ልዩነት ፅንሰቱ የት ይሆናል የሚለው ነው። ብዙኃኑ እንቁላላቸውንም ስፐርማቸውንም ወደ ውሃ ይለቃሉ፤ የሚገናኙት ባሕሩ ገጽ ላይ ነው። ጥቂቶቹ ስፐርም ብቻ ለቀው እንቁላሉን በፖሊፑ ሆድ ያቆያሉ፤ እዚያው ፀንሶ፣ እዚያው አድጎ፣ መዋኘት የሚችል እጭ ሆኖ ይወጣል። ቀይ ባሕር ላይ በብዛት የሚገኘው ስታይሎፎራ ፒስቲላታ ከእነዚህ ወገን ነው። ለተማሪ ልዩነቱን በውጤቱ ማስረዳት ይቀላል። ከሆድ የወጣው እጭ አብዛኛውን ጊዜ የእናቱን አልጌ (በኮራሉ ሥጋ ውስጥ አብሮ የሚኖር ጥቃቅን ተክል መሰል ነገር) ይዞ፣ ደርሶ ስለሚወጣ በሰዓታት ውስጥ ሊለጠፍ ይችላል፤ ከእናቱም ብዙ አይርቅም። ውሃ ላይ የተፀነሰው አራት አምስት ቀን ካልተንሳፈፈ ለመለጠፍ አይደርስም፤ በዚያ መካከል ሞገድ ወደ ሌላ ሪፍ ሊያሻግረው ይችላል።

አክሮፖራ እንቁላሉን ለማድረስ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ወር ይፈጅበታል፤ ስፐርሙ የሚደርሰው በመጨረሻዎቹ ሁለት ሦስት ወራት ነው። የደረሰ እንቁላል ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ሲሆን አብዛኛው ስብ ነው። በልቀቱ ሌሊት ፖሊፑ ጥቂት እንቁላሎችን ከስፐርሙ ጋር አሽጎ አንድ ሮዝ ጥቅል ያደርጋቸዋል፤ ስቡ የሌለው ስፐርም በእንቁላሉ ተሸካሚነት ወደ ላይ ይወጣል። ትንሽ ነገር እንዳይመስልዎት። ስፐርም ባለበት ጥልቀት ቢበተን ወዲያው ይቀጥናል፤ ገጹ ላይ ሲደርስ ግን የብዙ ኮሎኒ ጥቅል በአንድ ስስ ንጣፍ ላይ ተሰብስቦ ይፈታል። የኮራል ፅንሰት ከጫፍ እስከ ጫፍ የመጠንና የሰዓት ጉዳይ ነው።

ኮሎኒው መድረሱን ለማየት ቅርንጫፍ ይሰበራል። ጫፉን ሰብሮ «እንቁላል የለውም» ማለት የተለመደ ስሕተት ነው፤ የላይኛው ጥቂት ሴንቲሜትር ገና በማደግ ላይ ስለሆነ ዘር አይዝም። ዝቅ ብለው ሰብረው ስብራቱን በአጉሊ መነጽር ይዩ። እንቁላሉ ሮዝ ወይም ብርቱካናማ ከሆነ ልቀቱ በቅርቡ ሙሉ ጨረቃ አካባቢ ነው፤ ነጭ ከሆነ አንድ ሁለት ወር ይቀረዋል፤ ምንም ከሌለ ወይ ለቆ ጨርሷል ወይ ኮሎኒው ገና ልጅ ነው። ሞንቲፖራ ላይ ቡናማ ቢያዩ አይደናገሩ፣ እንቁላሉ አልጌውን ከእናቱ ስለሚወርስ ነው። የአክሮፖራ እንቁላል አልጌ የለበትም።

ሌሊት_ቆጣሪ፦

«ማን አዞት» ለሚለው፦ አዛዦቹ ሦስት ናቸው፣ እያንዳንዱ የፊተኛውን እያጠበበ ይሄዳል። ወሩን የሚመርጠው የባሕሩ ሙቀት ነው፤ ውሃው ከቅዝቃዜው ወቅት ወጥቶ መሞቅ ሲጀምር። ሌሊቱን የምትመርጠው ጨረቃ ናት። ሰዓቱን የሚመርጠው ደግሞ የፀሐይ መጥለቅ ነው። ብዙው አክሮፖራ ከጠለቀች ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ባለው ጊዜ ይለቃል። እዚህ ላይ የእኛ ሰዓት አቆጣጠር ያግዛል፦ ፀሐይ 12 ሰዓት ላይ ከጠለቀች ልቀቱ ከምሽቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ነው፣ ሌላ ስሌት አያሻም።

ለጅማ ልጆች ቡናን አንሱላቸው። እምቡጡ በደረቁ ወራት ተዘጋጅቶ ተኝቶ ይቆያል፤ በቂ ዝናብ ሲያገኝ ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ አካባቢው ሁሉ በአንድ ላይ ያብባል። ማዘጋጀትና መልቀቅ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ የመጀመሪያው ወራት ይፈጃል፣ ሁለተኛው ምልክት ይጠብቃል። ንጽጽሩ ከዚህ አያልፍም፤ አረቢካ በራሱ የአበባ ዱቄት ያፈራል፣ አክሮፖራ ግን የራሱን ስፐርም በአብዛኛው አይቀበልም።

አሁን ወደ ጨረቃዋ። በአውስትራሊያ ታላቁ ባሪየር ሪፍ፣ ማግኔቲክ ደሴት አካባቢ የሠሩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ብዙ ዝርያዎች በተመሳሳይ ጥቂት ሌሊቶች ሲለቁ አዩ፤ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1984 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ወጣ። ከዚያ በፊት አብዛኛው ኮራል እጩን በሆዱ ያሳድጋል ተብሎ ነበር የሚገመተው። እዚያ ዋናው ልቀት ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር ባለው ጊዜ፣ ከሙሉ ጨረቃ በኋላ ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው ሌሊት ይሆናል፤ ለየብስ የቀረቡት ሪፎች ከውጪዎቹ አንድ ወር ይቀድማሉ።

ለምን ከሙሉ ጨረቃ በኋላ? ጨረቃ ከሞላች ወዲህ መውጫዋ በየቀኑ በአማካይ 50 ደቂቃ ይዘገያል። አምስተኛው ሌሊት ላይ በፀሐይ መጥለቅና በጨረቃ መውጣት መካከል አራት ሰዓት ገደማ ጨለማ ይከፈታል። እ.ኤ.አ. በ2021 ዲፕሳስትሪያ ስፔሲዮሳ በተባለ ዝርያ ላይ ታይዋን ውስጥ የተሠራ ጥናት ቁልፉ ይህ የጨለማ ክፍተት መሆኑን አሳይቷል። የሪዞርትና የወደብ መብራት የሚያሳስበውም ለዚህ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ መብራት በሚደርስባቸው ሪፎች ልቀቱ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ወደ ሙሉ ጨረቃው እንደሚጠጋ እ.ኤ.አ. በ2023 ታትሟል።

ሌሊት ለመቁጠር የሂጅራ ቀን መቁጠሪያ በቂ ነው፤ ጅማ ላይ ደግሞ የማይገኝበት ቤት የለም። ወሩ በአዲስ ጨረቃ ስለሚገባ 14ኛው ወይም 15ኛው ሌሊት ሙሉ ጨረቃ ነው፤ አራተኛው እስከ ስድስተኛው ሌሊት ማለት ከ18 እስከ 21 ይሆናል። የወሩን ስም ግን እንዳትይዙ፤ የሂጅራ ዓመት ከፀሐዩ ዓመት በ11 ቀን ገደማ ስለሚያጥር ስሙ ከወቅት ወደ ወቅት ይዞራል። ሌሊቱን ከሂጅራ፣ ወሩን ከሙቀት ውሰዱ።

ቀይባሕር_ዳር፦

ሌሊት ቆጣሪ ያለው ልክ ነው፤ ሁለት ነገር ላጥብቅ። «ሲሞቅ» የሚለው አዝማሚያ እንጂ ሕግ አይደለም። ምዕራብ አውስትራሊያ ዋናው ልቀት ማርችና ኤፕሪል፣ ከሙሉ ጨረቃ በኋላ ከሰባተኛው እስከ ዘጠነኛው ሌሊት ነው፤ እዚያ ያ ጊዜ የበጋው ማብቂያ ነው።

ሁለተኛ፣ በአንድ ሳምንት ሁሉም ይለቃል ብላችሁ ለቀይ ባሕር አትጻፉ። በአካባ ባሕረ ሰላጤ፣ ኤይላት ላይ፣ ዝርያዎቹ ወርና የጨረቃ ደረጃ ተከፋፍለው እንደሚለቁ እ.ኤ.አ. በ1985 ተዘግቧል። ወደ ደቡብ ወረድ ብሎ ግን ሁርጋዳና መካከለኛው የሳውዲ ዳርቻ ላይ በርካታ አክሮፖራዎች ኤፕሪል ውስጥ፣ በሙሉ ጨረቃ አካባቢ አብረው ይለቃሉ። ኤይላት ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ሥራ አንዳንድ ዝርያዎች የጋራ ሌሊታቸው እየተበተነ መሆኑን አሳይቷል፦ ኮሎኒው አለ፣ እንቁላል ይለቃል፣ ግን ዛሬ ጥቂቱ፣ ነገ ጥቂቱ። ሪፉን አይቶ የሄደ ጠላቂ ጤነኛ ነው ይላል፤ አዲስ የተለጠፉ ትንንሽ ኮሎኒዎችን ሲፈልጉ ግን አይገኙም።

እጭ_አርቢ፦

በእጅ የሚሠራውን በአክሮፖራ ልክ አስቀምጠዋለሁ። ሌላ ዝርያ ላይ ሰዓቱ ይለዋወጣል፣ አካሄዱ ግን ያው ነው።

ከአንድ ዝርያ ቢያንስ ስድስት፣ ቢገኝ ከስምንት እስከ አሥር ኮሎኒ ያስፈልጋል፤ ከተራራቀ ቦታ የተነሱ ይሁኑ። ጎን ለጎን ያሉት ከአንድ እናት ተሰብረው የበቀሉ ክሎኖች ሊሆኑ ይችላሉ፤ ያን ጊዜ ስድስት ኮሎኒ ይዞ የአንድ ስፐርም መቀላቀል ይመጣል። ከሚጠበቀው ሌሊት ጥቂት ቀን ቀድመው ገንዳ ይግቡና ይረጋጉ። ከምሽት በኋላ ነጭ መብራት አይበራም፤ የሚሠራው በቀይ መብራት ነው።

ሲመሽ እያንዳንዱ ኮሎኒ ለብቻው ባልዲ ውስጥ ይገባል፤ ፓምፕም አየር መንፊያም ይጠፋል። ፓምፑ ከተረሳ ጥቅሎቹ ይፈጫሉ፣ ጠዋት የሚገኘው ቅባት ብቻ ነው። ከልቀቱ በፊት፣ ከግማሽ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ቀደም ብሎ፣ ጥቅሉ በየፖሊፑ አፍ ላይ ሮዝ ነጥብ ሆኖ ይታያል። ነጥቡ ከታየ ወዲህ ባልዲውን ማንቀሳቀስ የለም።

ጥቅሎቹ ሲንሳፈፉ በኩባያ ወይም አፈ ሰፊ በሆነ ፒፔት ከገጹ ይቀዳሉ፤ ጠባቡ ፒፔት እንቁላል ይጨምቃል። ቀጥሎ 100 ማይክሮን ወንፊት ላይ አፍስሶ ቀስ ብሎ ማወዛወዝ ነው። ጥቅሉ ሲፈታ ስፐርሙ ያልፋል፣ እንቁላሉ ይቀራል። ወንፊቱ ሁልጊዜ ውሃ ውስጥ እንደተነከረ ነው፤ ውሃ የሸሸው እንቁላል ይበላሻል። በወንፊቱ ላይ የቀረውን እንቁላል በንጹሕ የባሕር ውሃ አጥቦ ከራሱ ስፐርም መለየት ፅንሰቱ ከሌላው ኮሎኒ መሆኑን ለማረጋገጥ ይጠቅማል፤ ለብዛት ብቻ ከሆነ ሁሉንም በአንድ ዕቃ መቀላቀል ይበቃል።

መጠኑ እዚህ ይወስናል። የሚፈለገው በአንድ ሚሊሊትር አንድ ሚሊዮን ገደማ ስፐርም ነው። ወደ አሥር ሺህ ሲወርድ ፅንሰቱ ያሽቆለቁላል፤ ከአሥር ሚሊዮን ሲያልፍ ደግሞ አንዱን እንቁላል ብዙ ስፐርም ይገባበትና ሽሉ ይጣመማል፣ ውሃውም ኦክስጅን ያጣል። ሄሞሳይቶሜትር (ማይክሮስኮፕ ሥር ሴል የሚቆጠርበት መስታወት) ካለ ይቆጠራል። ዕቃው ጥልቅ ሳይሆን ሰፊ ይሁን፤ እንቁላሉ ገጹ ላይ ከአንድ ንጣፍ በላይ አይደራረብ። ስፐርም በሰዓታት ውስጥ ስለሚደክም ከልቀቱ እስከ መቀላቀሉ ያለው ጊዜ ባጠረ ቁጥር ይሻላል። ከተቀላቀለ በኋላ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ማቆየት፣ ከዚያ ማጠብ።

ማጠቢያው 1 ማይክሮን ወይም ከዚያ በታች የተጣራ፣ ሙቀቱ ከዕቃው ጋር እኩል የሆነ የባሕር ውሃ ነው። ሽሉ ስለሚንሳፈፍ የቆሸሸውን ከታች በቱቦ እየሳቡ አዲሱን በዳር ቀስ ብሎ መጨመር፤ ሦስት ጊዜ። ወንፊት ከእንግዲህ አይነካውም። ያልታጠበ ስፐርም ይሞትና ይበሰብሳል፣ እስከ ንጋት ውሃው ይሸታል።

ከተቀላቀለ ሁለት ሰዓት ገደማ ላይ የመጀመሪያው ክፍፍል ይጀምራል። ትንሽ ቆይቶ 100 እንቁላል ማይክሮስኮፕ ሥር መቁጠር ነው። ከ80 በላይ ከተከፈለ መልካም። ከ50 በታች ከሆነ የቆየ ስፐርም፣ ክሎን ኮሎኒ፣ ሳይታወቅ የገባ ሌላ ዝርያ ወይም መዳብ ይጠርጠር። የናስ ቧንቧ በሊትር በጥቂት አሥር ማይክሮግራም የሚቆጠር መዳብ ቢለቅ ፅንሰቱን ያበላሻል። እጅ ላይ የቀረ ሳሙናና የፀሐይ መከላከያ ቅባትም እንዲሁ ነው።

ማሳደጊያው ገንዳ ከ26 እስከ 28 ዲግሪ፣ ጨዋማነቱ ከሺህ 35 ይሁን። በሚሊሊትር ከአንድ ሽል አይብለጥ፤ ለ500 ሊትር ከፍተኛው 500,000 ነው፣ ግማሹን መያዝ ደግሞ እንቅልፍ ይሰጣል። የመጀመሪያውን 24 ሰዓት አየር አይነፋም። ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ሽሉ ጠፍጣፋና የተጨማደደ ይሆናል፤ አዲስ ሰው ሞተ ብሎ የሚደፋው ይህን ነው፣ ጤነኛው መልኩ ግን እሱ ነው። በማግስቱ ይከባል፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ፀጉር መሰል ሲሊያ አውጥቶ ይዋኛል፤ ያኔ ፕላኑላ ነው። ያን ጊዜ አየሩን በዝግታ መክፈት ይቻላል።

የሞተ ሽል ስቡን ይለቃል፤ ቅባቱ ገጹ ላይ ይረጋል፣ ባክቴሪያ ይራባበታል፣ ጤነኛውም ይከተላል። ስስ የምግብ መጠቅለያ ፕላስቲክ ገጹ ላይ ዘርግቶ ቀጥ አድርጎ ማንሳት ቅባቱን ይዞ ይወጣል። በየቀኑ፣ መጀመሪያ ላይ በቀን ሁለቴ።

ለመለጠፍ የሚዘጋጀው ታይል ልቀቱ ሳይደርስ ከአንድ እስከ ሁለት ወር ባሕር ውስጥ መቆየት አለበት፤ ባዮፊልም (ስስ የባክቴሪያ ንጣፍ) እና ሮዝ ቀለም ያለው የኖራ ቅርፊት አልጌ እንዲበቅልበት። እጩ መቀመጫውን የሚለየው ከዚያ አልጌና በላዩ ካለው ባክቴሪያ በሚወጣ ኬሚካል ነው፤ ከሱቅ የመጣ ንጹሕ ታይል ላይ ሲዞር ውሎ ይደክማል። ከአራተኛውና ከአምስተኛው ቀን ጀምሮ ታይሉን ማስገባት ነው። ከተለጠፈ በኋላ ተዘርግቶ አንድ ሚሊሜትር የምታህል ፖሊፕ ይሆናል፣ የአራጎናይት (የኖራ ማዕድን) አጽሟንም መጣል ትጀምራለች። አልጌዋን ከውሃ ስለምታገኝ ከአዋቂ ኮራል የተወሰደ ቁራጭ አጠገቧ ማኖር ይረዳል። ከዚህ በኋላ የሚሞተው እጅግ ብዙ ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት ከመቶ 90 እና ከዚያ በላይ ማጣት የተለመደ ነው። ለመራባት አክሮፖራ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይፈልጋል።

ጅሬን_ባዮ፦

ገለቶማ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሁለት ነገር ልጠይቅ። ወንፊትና አየር ይህን ያህል የሚፈሩት ለምንድን ነው? የዓሣ ሽል አየር እየተነፋበት ያድግ የለ እንዴ? ደግሞ ራሱን የማይፀንሰው ጨርሶ ነው ወይስ ምርጫ ሲያጣ ይፀንሳል?

እጭ_አርቢ፦

የዓሣ እንቁላል ሽፋን አለው፤ የአክሮፖራ ሽል ራቁቱን ነው። ሴሎቹን አንድ ላይ የሚይዝ ቅርፊት ስለሌለ ትንሽ ነውጥ ይለያያቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ሥራ እንዳሳየው በክፍፍል ላይ ያለ ሽል ቢቆራረጥ ቁራጮቹ ሁልጊዜ አይሞቱም፤ እያንዳንዳቸው ትንሽ እጭ ሆነው መለጠፍም የሚችሉ አሉ። ማዕበል ያለበት ሌሊት አንድን ሽል ወደ ብዙ ክሎን ሊለውጠው ይችላል ማለት ነው። ለገንዳ ሥራ ግን ትርፍ አይደለም፤ ትንሿ እጭ ትንሽ ፖሊፕ ነው የምትሆነው፣ ያቺ ደግሞ በአልጌ ለመዋጥ የቀረበች ናት።

ራስን መፀነስ በዝርያ ይለያያል። ብዙው አክሮፖራ ትኩስ እንቁላሉን ለራሱ ስፐርም ይዘጋል፤ ሰዓታት ካለፉ በአንዳንድ ዝርያዎች መዝጊያው ይላላል። ለዚህ ነው ዘግይቶ የተቀላቀለ ዕቃ አንዳንዴ «ሠራ» የሚባለው፤ ውስጡ ያለው ግን የራሱ ልጅ ሊሆን ይችላል። ጎኒያስትሪያ ውስጥ ራሳቸውን በደንብ የሚፀንሱም አሉ።

ሂርማታ_ልጅ፦

ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን? ሰብሮ መትከል አይቀልም?

ቀይባሕር_ዳር፦

ወንድሜ ይቀላል፤ ዓለም ላይ አብዛኛው የሪፍ ተከላ በስብርባሪ ነው የሚሠራው። አክሮፖራ በተፈጥሮም ማዕበል ሲሰብረው ቁራጩ ወድቆ ይያዛል። ቁራጭ ሲወሰድ ከአንድ ኮሎኒ ጥቂት ብቻ ይቆረጣል፣ ስብራቱ ንጹሕ ይሁን፣ በኤፖክሲ ወይም በሱፐር ግሉ ጄል አጥብቆ ማሰር። ቁራጭ የሚገድለው አንዱ ነገር መወዛወዝ ነው፤ ካልጠበቀ ሥጋው ድንጋዩ ላይ አይዘረጋም። ቀስ ብለው ለሚያድጉት ድብልብል ዝርያዎች ደግሞ ፍሎሪዳ ያለው «ሞት» (Mote) የተባለ የባሕር ምርምር ላቦራቶሪ ያስፋፋው ዘዴ አለ፦ በአልማዝ መጋዝ ወደ አንድ ካሬ ሴንቲሜትር ገደማ ቆራርጦ አቀራርቦ መለጠፍ፤ ከአንድ እናት ስለሆኑ ሲነካኩ አይጣሉም፣ ይዋሃዳሉ።

ጉድለቱ ሁሉም አንድ ዘር መሆናቸው ነው። ሙቀት ወይም በሽታ አንዱን የጣለ ሁሉንም ይጥላል። ደግሞ አድገው ሲለቁ ከላይ እንደተባለው የራሳቸውን ስፐርም አይቀበሉም፤ መቶ ቁራጭ ተተክሎ አንድም ፅንሰት ላይኖር ይችላል። ስለዚህ ሰብሮ የሚተክል ሰው ቢያንስ የብዙ እናቶችን ቁራጭ አቀላቅሎ ይትከል።

ኢፆታዊውን ለተማሪ ስታስረዱ ግን ስብራቱ ላይ ብቻ አትቁሙ። ኮሎኒው ራሱ የሚያድገው በማቆጥቆጥ ነው፤ ወይ አንዱ ፖሊፕ ለሁለት ይከፈላል፣ ወይ ከጎኑ አዲስ ይወጣል። አንዳንድ የፖሲሎፖራ ሕዝቦች ደግሞ ከሆዳቸው የሚያወጡት እጭ ያለ ፅንሰት የተገኘ የእናቱ ክሎን ነው። ሰሪያቶፖራ ላይ ችግር ሲበረታ ፖሊፑ አጽሙን ጥሎ እንደሚወጣም ታይቷል።

ቆጪ_አኳሪየም፦

ጅማ ላይ የኮራል ልቀት ማሳየት? በቀጥታ ለመናገር በክበብ አቅም አይሆንም። ገንዳ ውስጥ ማስለቀቅ የሚቻል መሆኑ ታይቷል፤ ለንደን ያለው ሆርኒማን ሙዚየም ዓመቱን ሙሉ የሪፉን የሙቀት፣ የቀን ርዝመትና የጨረቃ ብርሃን ዑደት በኮምፒውተር እየመሰለ አክሮፖራን አስለቅቋል፤ ፍሎሪዳ አኳሪየም እ.ኤ.አ. በ2019 ዴንድሮጋይራ የተባለውን ዓምድ ኮራል አስለቀቀ። መብራት አንድ ቀን ቢጠፋ የወራት ሥራ ይፈርሳል። ሪፍ ሠሪ ኮራሎች በሙሉ በሳይተስ (CITES፣ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ዓለም አቀፍ ስምምነት) ሁለተኛ አባሪ ሥር ስለሆኑ ያለ ፈቃድ ድንበር አያልፉም።

ለማንኛውም ጨዋማ ገንዳ ለሚያስብ ሰው ሁለት ነገር፦ የወጥ ቤት ጨው አይሆንም፤ የባሕር ውሃ ካልሲየም፣ ማግኒዥየምና ካርቦኔት ይፈልጋል፣ ለአኳሪየም የተዘጋጀ ጨው በሊትር 35 ግራም ገደማ ነው የሚገባው። ሁለተኛው ከፍታ ነው። ጅማ ከባሕር ጠለል 1,700 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ከዳርቻው አንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል፤ 27 ዲግሪ ላይ በሊትር 6.5 ሚሊግራም የሚባለው እኛ ጋ ወደ 5.3 ይወርዳል። በመጽሐፍ የተጻፈ የእንስሳ ብዛት እንዳለ አይወሰድም።

ክፍል ውስጥ የሚሆነው ሃይድራ ነው። የኮራል ዘመድ ናት፣ በጨው አልባ ውሃ ትኖራለች፣ የጅማ ክፍል ሙቀት ይስማማታል። ቀስ የሚል ወይም የቆመ፣ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ያለ ተክል ሥር ይፈለጋል፤ ከቦዬ ረግረግ ዳርቻ መሞከር ትችላላችሁ። ልጆቹ በባዶ እግርም በባዶ እጅም ውሃ እንዳይገቡ፤ ቀንድ አውጣ ባለበት ቢልሃርዝያ ይጠረጠራል። ረጅም ጓንት ያድርግ አንድ ሰው፣ ተክሉን ከነውሃው በማሰሮ ይቅዳ። ማሰሮውን ከመስኮት አጠገብ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማይመታው ቦታ አንድ ሌሊት ማሳደር፤ ጠዋት መስታወቱ ላይ ተለጥፋ ጥቂት ሚሊሜትር ተዘርግታ ትታያለች። ቢነኳት ትኮማተራለች፣ ከቆሻሻ የምትለየው በዚህ ነው።

በደንብ ከበላች በጎኗ ታቆጠቁጣለች፤ ቁጥቋጦው ቴንታክሎቹን (ምግብ የሚይዝባቸውን ቀጫጭን ክንዶች) አውጥቶ በሁለት እስከ አራት ቀን ይለያል። ኢፆታዊ ርቢን በዓይን ማየት ይህ ነው። ፆታዊውን ለማየት ምግብ መቀነስና ማቀዝቀዝ ብዙ ጊዜ ያነሳሳታል፤ ስፐርም የሚይዘው እብጠት ወደ ቴንታክሎቹ ቀረብ ብሎ፣ እንቁላሉ ዝቅ ብሎ ይወጣል። ለልጆቹ ግን ልዩነቱ ይነገር፦ ሃይድራ የሚዋኝ ፕላኑላ የላትም፣ አጽም አትሠራም፣ ከኮራል ጋር ያላት ዝምድና በክፍለ ስፍን ደረጃ ነው።

አጽሙን ለማሳየት ቅሪተ አካል ይሻላል። ቀይ ባሕር ወደ ዳናኪል ይገባ በነበረ ዘመን የተሠራ የኮራል ሪፍ አፋር ውስጥ ዛሬም ደርቆ አለ። የዩኒቨርሲቲ ጂኦሎጂ ክፍሎችን ናሙና እንዲያሳዩ መጠየቅ ይቻላል፤ ፖሊፑ የተቀመጠበት ጉድጓድና ወደ መሐል የሚሄዱት ግድግዳዎች በአጉሊ መነጽር ይታያሉ።

ጅሬን_ባዮ፦

ሃይድራዋን እንሞክራለን። ምን እናብላት? ውሃውስ የቧንቧ ይሆናል?

ቆጪ_አኳሪየም፦

የቧንቧው በክሎሪን ይገድላታል። አፉ በተከፈተ ዕቃ ከአንድ እስከ ሁለት ቀን አቆዩት፤ የመዳብ ቧንቧ ካላችሁ ግን ይህም አያድንም፣ የዝናብ ውሃ ወይም እሷ የተገኘችበት ውሃ በጨርቅ ተጣርቶ ይሻላል። ምግቧ በሕይወት ያለ ይሁን፤ የሞተ አትነካም። ዳፍኒያ (ውሃ ውስጥ የምትዘል ጥቃቅን እንስሳ) ከዚያው ኩሬ በስስ ጨርቅ መረብ ይያዛል፤ ትንንሾቹን ምረጡ፣ ትልቁ እሷኑ ይጎትታታል። በሳምንት ሦስቴ፣ ለአንዷ አንድ ወይም ሁለት ዳፍኒያ ይበቃል። ካበላችሁ ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት በኋላ የተረፈውን በፒፔት ለቅማችሁ ውሃውን ቀይሩ።